መጨረሻውን አልነግርህም

ለሰው «መጽሐፍ አንብብ» ብሎ መምከር ርካሽ ነገር ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ዋስ አይጠይቅም፤ ነገ ተመልሶ የሚከስ የለም። በተለይ ዐዋቂ የምንባለው ሰዎች ይህን ምክር እንደ ሰላምታ እንበትነዋለን። የጎረቤት ልጅ መንገድ ላይ ባገኘን ቁጥር «ጎበዝ፣ አንብብ እንጂ! ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» እንለዋለን። ምን እንደሚያነብ ግን አንነግረውም። ብንነግረውም በእሱ ዕድሜ ሳለን እንቅልፍ የነሣንን መጽሐፍ ሳይሆን፣ እንዳነበብነው ሰው እንዲያውቅልን የምንፈልገውን ነው የምንጠራለት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ» ይልና ይሄዳል። አያነብም።

ያው ልጅ በማግስቱ አንድ እኩያው ጆሮው ሥር መጥቶ «ይህን ሳታነብማ ምን አነበብኩ ትላለህ? መጨረሻውን ግን አልነግርህም» ሲለው ያነባል። መጽሐፉን እስኪያገኝ ይለማመጣል፤ ሲያገኝም ጓሮ ተደብቆ፣ ከከብት ጥበቃው ሰርቆ፣ ከእንቅልፉ ቆርሶ ያነበዋል።

«ልጅ የልጅን ነገር ያውቃል» ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ፣ እንዲያውም የሥነ ምግባር ጥያቄ ያለበት ይመስለኛል። አንድ ልጅ የወደደውን ልቦለድ ለሌላው ሲያቀብል ምን ቃል እየገባ ነው? የቃሉስ ዕዳ ምን ያህል ነው? እኛ ትልልቆቹ በሁለቱ መካከል የመግባት መብት አለን? ካለንስ እስከ የት?

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳላንጠለጥለው አገር ልስጠው። ሰሜን ሸዋ እንሂድ፤ ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ። አገሩን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. የተወለዱት መርሐቤቴ ነው። እኚህ ሰው በብዙ ሥራ ይታወቃሉ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ የታሪክና የልቦለድ ደራሲ ነበሩ። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላው ሥራቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዘርዝረው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አስፍተው እንደገና አወጡት። የመርሐቤቴ ልጅ ለአገሩ አንባቢ «ይህ ይህ መጽሐፍ አለ» ብሎ በማተሚያ ቤት ቀለም ተናገረ ማለት ነው።

በእርግጥ ዝርዝር ምክር አይደለም። ዝርዝር የሚነግረን መኖርን ነው፤ መውደድን አይነግረንም። ያም ሆኖ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን «አለ» ማለት ራሱ ትልቅ ምክር ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የገጠር ቀበሌ ከዚያ የራቅን አይመስለኝም። እዚያ ልጆች ስለ ልቦለድ ሲነጋገሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም። «ማን ዘንድ ነው ያለው?» ነው።

በአዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢ ይህ በቀላሉ ላይታየው ይችላል። በከተማ ልጅ መጽሐፍ ቢመከርና ቢሰለቸው አንድ ከሰዓት ጠፋው፤ አበቃ። የመንዝ ደጋ ልጅ ግን በትርፍ ጊዜው አያነብም፤ ትርፍ ጊዜ የለውማ። ከትምህርት ሲመለስ በግ ይጠብቀዋል፤ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ትምህርቱም ይቀራል። በብርዱ አገር ማታ ከእሳት ዳር ርቆ ለብቻ ማንበብ ዝተት ተከናንቦም ቢሆን ቀላል አይደለም። መብራት ባልገባበት ቤት ደግሞ የሚያነበው በኩራዝ ነው፤ ኩራዙ ጋዝ ይጠጣል፤ ጋዙ ደግሞ የእናት ነው። (የደርግ ዘመኑን አሳታሚ ድርጅት «ኩራዝ» ብሎ የሰየመው ሰው ይህን ሳያውቅ አልቀረም።) እንግዲህ እዚህ አገር አንድ ልጅ ጓደኛውን «አንብበው» ሲለው «የእናትህን ጋዝ አቃጥል፤ በጉ ሰው ማሳ ቢገባ ተገረፍ፤ ይገባዋል» እያለው ነው። ምክሩ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን መካሪው አይደለም። ስለዚህም መጽሐፉ ከንቱ ሆኖ ከተገኘ መካሪው በማግስቱ በሜዳው ላይ መሳቂያ ይሆናል። «ያንተ ነገር! ያልከው መጽሐፍ እኮ…» ይባላል፤ ቀጥሎ የሚመክረውን ማንም አይሰማውም።

ልብ በሉ፣ እኛ ይህን ፈርተን አናውቅም። ለልጅ መጽሐፍ መክረን ልጁ ቢሰለች ጥፋተኛው ልጁ ነው፤ «የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም» እንላለን። ልጅ ለልጅ ሲመክር ግን የራሱን ስም አስይዞ ነው። ቀደም ሲል በየከተማው መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ ለመጽሐፉ ማስያዣ ይቀበላሉ። የልጅም ምክር እንዲሁ ማስያዣ አለበት፤ የሚያዘው ክብሩ ነው።

ከዚህ በፊት በዚያ አገር ንባብ እንዴት ይመከር እንደነበር ብናይ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጥልናል። በየኔታ ዘንድ የንባብ ተራ አለው። ፊደል ተቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወንጌል፣ ከዚያም ዳዊት። የትኛው እንደሚቀድም የተቆረጠ ነው፤ «ወደድከው ወይ?» የሚል የለም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ተራ ያለው ንባብ አገሩን ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ኅሩይንም ያወጣቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ነገር ግን ልቦለድ ወደ አገራችን ሲገባ ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያሻል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሲያሳትሙ ማንም በግድ የማያስነብበው፣ ተራ የሌለው መጽሐፍ በአማርኛ ተወለደ። አንባቢው ካልወደደው ይተወዋል። ከወደደው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጎ መንገር። መዝሙረ ዳዊትን ለማስቀጠል የኔታ አለ፤ ልቦለድን ለማስቀጠል ግን የአንባቢ አፍ ብቻ ነው ያለው።

ልጁ መጽሐፉን የሚወድበት ምክንያት ደግሞ እኛ የምንጠብቀው አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን «አደፍርስ»ን ሥነ ጽሑፍ ያጠኑ ሰዎች ስለ አጻጻፉ ያነሡታል፤ እውነትም ከባድና ረቂቅ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ደጋ የሆነ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን መጽሐፉን ከፍቶ «ደብረ ሲና» የሚለውን ሲያገኝ «እንዴ! የእኛ አገር አለበት!» ብሎ ለጓደኛው ቢያሳየው አልስቅበትም። ታርማበርን በአውቶቡስ የወረደ፣ ወይም አጎቱ የወረደለት ልጅ ነው። አገሩ በመጽሐፍ ሊጻፍ የሚችል አገር መሆኑን ያን ቀን አወቀ። ኅሩይ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት «አዲስ ዓለም» ባለታሪኩ ዐወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ተጉለት ደግሞ የመንዝ ጎረቤት ነው። ዕውቀት ፍለጋ እስከ ፈረንሳይ አገር ሄዶ የተመለሰ የተጉለት ልጅ! ይህን መጽሐፍ ለአንድ የሞላሌ ልጅ ልሰጠው ብፈልግ «ስለ ዘመናዊ ሥልጣኔና ስለ ነባሩ ልማድ ግጭት» ብዬ አልጀምርም። «የጎረቤትህ ታሪክ ነው» ብለው ይበቃዋል።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። ልጆች መጽሐፍ ሲያቀባብሉ የማይጥሱት አንድ ሕግ አላቸው፤ መጨረሻው አይነገርም። ማንም አላስተማራቸውም። እኛ ይህን እንደ ጨዋታ እናየዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ከፍ ያለ ክብር አለበት። «መጨረሻውን አልነግርህም» የሚል ልጅ «በአንተና በመጽሐፉ መካከል አልቆምም፤ እኔ የደነገጥሁበት ቦታ ላይ አንተም በራስህ ድንገጥ» ማለቱ ነው። ጓደኛውን ከራሱ እኩል ያደርገዋል። እኛስ? እኛ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ይህ መጽሐፍ የትዕቢትን ውድቀት ያስተምራል» እንላለን። ማን እንደሚወድቅ ተናገርን፤ ልጁ ምን ቀረው?

የአማርኛ አስተማሪዎቻችንን ላስቀይም አልፈልግም፤ ነገር ግን «ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት አገኛችሁ?» የሚለው ጥያቄ የስንቱን ልጅ ፍላጎት እንዳጨናገፈ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጥፋቱ ሥር ጥንታዊ ነው። የሰሜን ሸዋው ልጅ ከበደ ሚካኤል የጻፉት «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ሲነበብ የኖረ፣ ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ግን ምሳሌ ስለ ሆነ ትምህርቱን ራሱ ይነግራል። ችግሩ ያን የምሳሌ ልብስ ለልቦለድም ካልሰፋን ማለታችን ነው። ልቦለድ ትምህርቱን የማይነግር ምሳሌ ነው እንበል ካልን፣ ልጆቹ ከእኛ በፊት ገብቷቸዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። መጨረሻው ከሌለስ?

ብዙ እጅ የዞረ መጽሐፍ አሟሟቱ አንድ ዐይነት ነው። መጀመሪያ ልባሱ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የደራሲው ስም ያለበት ገጽ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹ። በጋዜጣ ተለብጦ፣ በመርፌና በክር ተሰፍቶ ይቀጥላል እንጂ አይጣልም። የስንቱን ደራሲ ስም ያወቅሁት መጽሐፉን ካነበብሁ ከዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ ባለው መጽሐፍ ላይ መካሪው ልጅ የግድ ሕጉን ይጥሳል፤ የጎደለውን መጨረሻ በአፉ መሙላት አለበት። እሱም ከሌላ የሰማው ነው፤ ያኛውም ከታላቅ ወንድሙ። መጽሐፉ በእጅ ሲተላለፍ መጨረሻው በቃል ይተላለፋል። በመካከል አንዱ ሰለቸውና፣ ወይም ያ የወደደው ሰው መሞቱ አንገበገበውና፣ መጨረሻውን ለወጠው እንበል። የሞተው ዳነ፤ የተለያዩት ተገናኙ። ይህ ልጅ ዋሸ ወይስ ጻፈ?

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አላምንም። በአንድ በኩል ጓደኛው ያመነው «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ እንዲህ አይልም። እምነቱ ተበልቷል። በሌላ በኩል በእሳት ዳር ተረት የሚያወሩልን አያቶቻችን መጨረሻውን እንደ ሰሚው ዕድሜ ሲያሳጥሩና ሲያለሰልሱ «ዋሹ» ያላቸው የለም። በበኩሌ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ «እኔ እንዲህ የሚያልቅ ይመስለኛል» ካለ ደራሲ ሆነ፤ «እንዲህ ነው የሚያልቀው» ካለ ግን የደራሲውንም የጓደኛውንም ድርሻ ወሰደ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ልዩነት ይረቅበታል የሚል ካለ፣ ልጆች «የእውነትህን ነው?» እየተባባሉ እንዴት እንደሚማማሉ ያላየ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለትልልቆቹ ጠበቃ ልቁም። «ልጆች እርስ በርስ ይመካከሩ ብለህ ልትለቃቸው ነው? እጃቸው የሚገባውን ታውቃለህ?» የሚል አባት ወይም እናት ተሳስተዋል አልልም። በአማርኛ ለታናናሾች የተጻፉ ተረቶች አሉን፤ ለዐሥራ ሁለትና ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ተብሎ የተጻፈ ልቦለድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ከተረት በቀጥታ ወደ ዐዋቂ ልቦለድ ይዘላሉ። በመካከል ድልድይ የለም። መጠጥ ቤቱ፣ አልጋው፣ ግድያው ሁሉ ከነምናምኑ ይደርሳቸዋል።

ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። አፍላጦን የሚያልማትን ከተማ ሲያቋቁም ለልጆች የሚነገረውን ተረት መርጠው የሚያሳልፉ ሰዎች እንዲኖሩ ጠይቋል። በጀርመን አገር ጎተ እ.ኤ.አ. በ1774 የወጣቱን የቬርተርን ታሪክ ሲያሳትም ወጣቶች መጽሐፉን ከእጅ እጅ ተቀባበሉት፤ እንደ ባለታሪኩ ሰማያዊ ኮትና ቢጫ ሰደርያ ለበሱ። ባለታሪኩ በመጨረሻ ራሱን የሚገድል ነውና የላይፕሲግ ከተማ በዓመቱ መጽሐፉንም ልብሱንም ከለከለች። ልቦለድ ልብ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ልብ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ደግሞ ሊያሳምም ይችላል። «መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» የሚሉትን ሰዎች አልስማማቸውም፤ ምንም የማያደርግ ከሆነ መምከሩስ ለምን አስፈለገ?

ክልከላው ግን ምን ፈየደ? ከእኛው ታሪክ እንይ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ቀረ? አልቀረም። ከመደብር የጠፋው በየቤቱ ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መንግሥት ራሱ ከማንም የበለጠ መካሪ ሆነለት። የቤት ውስጥ መንግሥትም እንዲሁ ነው። አባት ቁም ሣጥን አናት ላይ የሰቀለውን መጽሐፍ ልጁ ሳያወርደው አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆችን መጽሐፍ እንዳይቀባበሉ ብንከለክል የምናፍነው ንባብን ብቻ አይደለም፤ ንግግርንም ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በግሼ ራቤል አለች እንበል። ጓደኛዋ ለባል ልትሰጥ ሽማግሌ ተልኳል። ሕጉ ይህን አይፈቅድም፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። ሕግ ግን መንዝ ደጋ ላይ እንደ ሌላውም አገር ከልማድ ጋር ሲታገል ነው የሚውለው። ልጅቱ ለጓደኛዋ «እምቢ በይ» ማለት አትችልም፤ ነገሩ ከተሰማ ቤተሰብ ያጣላል። ታዲያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትሰጣታለች። «አንብቢው፤ ሰብለ ወንጌልን ታገኛታለሽ» ትላታለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ ትዳሯን አባቷ እንደ ፈለጉ ሊያደርጉት በያዙበት ቤት በዛብህን የወደደችው፣ በመጨረሻም ያን ቤት ጥላ የወጣችው ሰብለ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለችው። የሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ከመንዝ ሩቅ ነው። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ሰብለን ለይቶ ያውቃታል፤ ለጉዱ ካሣም ሲስቅለትና ሲያዝንለት ኖሯል። እንግዲህ መጽሐፉን የሰጠችው ልጅ ማንም ሊከስሳት አይችልም። የሰጠችው የታወቀ፣ የተከበረ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይቀር የተቀነጨበ ልቦለድ ነው። የነገረቻት ግን ሌላ ነው።

ይህ ነገር ስም አለው፤ ሰምና ወርቅ ይባላል። ሰሙ «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ነው። ወርቁን የምታውቀው ተቀባይዋ ብቻ ናት። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መንዝ ገብቶ ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን ታዋቂ መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ቅኔ ያልተቀኙ ሴት ልጆች ሰው የጻፈውን መጽሐፍ በመስጠት ብቻ ሰምና ወርቅ ሊናገሩ እንደሚችሉ ግን ብዙ ሰው ልብ ያለ አይመስለኝም። መናገር ለማይፈቀድለት ሰው መጽሐፍ መምከር አንደበት ነው። ለዚህም ነው በልጆች መካከል የሚዞር ልቦለድ «ለዕድሜያቸው ይመጥናል አይመጥንም» በሚል ሚዛን ብቻ ሊመዘን አይገባውም የምለው። ሰብለ የምትደርስበት መከራ ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ይከብዳል የሚል ሰው፣ ያቺ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ራሷ ምን እየደረሰባት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ታዲያ ትልልቆቹ ምን እናድርግ? አንድ ቀና ሙከራ ልጥቀስ። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የራሳቸውን የጎንኩር ሽልማት ይሰጣሉ። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች የዓመቱን ልቦለዶች አንብበው፣ ተከራክረው አንዱን ይመርጣሉ። ያስቀናል። ቢሆንም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ የሚመርጡት ዐዋቂዎች አስቀድመው ካጩዋቸው መጻሕፍት መካከል ነው። ማዕዱ የእኛ፣ ጉርሻው የእነሱ እንደ ማለት ነው። ክፉ አይደለም። በእኛ አገር ይህ ነገር ቢጀመር ግን ምን እንደሚመጣ ይታየኛል፤ ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳ ይጋበዛል፣ ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ የወደደውን ሳይሆን የሚወደድለትን መጽሐፍ ይናገራል። ጭብጨባ ያለበት ቦታ ልጅም ፖለቲከኛ ይሆናል።

መጽሐፉን ማቅረብ፣ የቀረውን መተው፤ ከዚህ የተሻለ አይታየኝም። አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ልጆች አጠባበቁን ያውቁበታል። አገሩም የጋራ ነገር መጠበቅ አዲሱ አይደለም፤ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን፣ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ፣ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ተማክሮ ሲጠብቅ የኖረ ነው። መጽሐፍም ሲዞር ተራ ይያዝለታል፤ ማን ቀድሞ እንደ ጠየቀ ይታወቃል፤ ያነበበው ከመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ያን የስም ሰልፍ የሚያህል የመጽሐፍ አስተያየት እስካሁን አላነበብሁም።

ይህ ሁሉ ዛሬ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆች ከደብተር ተለያይተዋል። በሞባይል የሚገኘው ኢንተርኔትም በክልሉ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በስልክ የሚዞረው መጽሐፍና ትረካ አብሮ ቆመ። አስተማሪው ሲሄድ፣ ክፍሉ ሲቆለፍ፣ ስልኩ ሲዘጋ ምን ቀረ? አንድ ልባሱ የተገነጠለ መጽሐፍና ያነበበው ልጅ ቀሩ። ያ ልጅ «አንብበው» ካላለ መጽሐፉ ጣራ ሥር ተሰክቶ ጭስ ይጠጣል፤ ካለ ደግሞ አንድ የማንበብ ችሎታው ሊጠፋበት የተቃረበ ታናሽ ልጅ ፊደሉን ሳይረሳ ይከርማል። የትምህርት ቢሮ የማይችለውን እሱ ይችላል አላልኩም፤ አይችልም። አንድ ልጅ ላይ ያን የሚያህል ሸክም መጣሉም ግፍ ነው። የተጣለው ግን እሱ ላይ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ ምክሩ እውነተኛ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጆች «አልወደድኩትም» የማለት መብት እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ፤ በታላላቅ መጻሕፍት ላይም ጭምር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ «እዚህ እዚህ ላይ ይረዝማል» የሚል ልጅ ሲያጋጥመን ፊታችን ይጠቁራል። «እንዴት ደፈርክ!» ልንል ይቃጣናል። ልጁም ይማራል፤ ለእኛ «በጣም ግሩም ነው ጋሼ» ይለናል። ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ ግን «መጀመሪያ ላይ ከበደህ ብለህ እንዳትተወው። በዛብህ ዲማን ለቅቆ እስኪወጣ ታገሥ፤ ከዚያ በኋላ አንተ አታቆመውም፤ እሱ ነው የማያቆምህ» ይለዋል።